በቃና ዘገሊላ ማታ ያቆምሁት ፊልም

ሥራ በጀመርሁበት ቀን ፊልም አላየሁም። ቢቸና ገበያ ዳር ያለው ሲኒማ ቤት ቀድሞ የጤፍ መጋዘን ነበር፤ ስገባ የእህል ሽታው ገና ከግድግዳው አልለቀቀም። ባለቤቱ አቶ ውበቱ ቁራጭ የጥጥ ጨርቅና ትንሽ ጠርሙስ አልኮል ሰጡኝና፣ «ሌንሱን ጥረግ። ስትጨርስ እንደገና ጥረግ» ብለውኝ ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ተመልሰው መጡ። ከተበጠሰ ፊልም የተረፈ ቁራጭ ከኪሳቸው አውጥተው ማሽኑ ውስጥ አስገቡት። ሞተሩን አስነሥተው አምፖሉን አበሩ። ግድግዳው ላይ አንድ ሰውዬ ባርኔጣውን ሲያነሣ ታየ። አቶ ውበቱ ድንገት ሞተሩን አቆሙት፤ አምፖሉ ግን እንደበራ ነበር። ሰውዬው ባርኔጣውን እንዳነሣ ደርቆ ቀረ። ወዲያው ደረቱ ላይ ቡናማ ነጥብ ወጣ። ነጥቡ ሰፋ፣ ጠርዙ ተንጨረጨረ፣ ሰውዬው ከመሃል ወደ ዳር እየተበላ ጠፋ። ግድግዳው ላይ ነጭ ብርሃን ብቻ ቀረ፤ ቤቱም እንደተቃጠለ ቀንድ ሸተተ።

«አየህ?» አሉኝ።

«አየሁ።»

«ሌላውን እየሠራህ ትማረዋለህ። ይህን ግን ተቃጥሎብህ እንድትማረው አልፈልግም። ፊልም ካልሄደ ይቃጠላል።»

ሌላውን እየሠራሁ ተማርሁት። ከማሽኑ ጋር የመጣው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ስለነበረ የሥዕሎቹን ቀስቶች እየተከተልሁ ፈታሁት፣ መልሼም ገጠምሁት። ፊልሙ በአምፖሉ ፊት የሚያልፍባትን ጠባብ ቦታ እኛ በር እንላታለን። ፊልሙ ከበሩ በላይና በታች ትንሽ ልል ሆኖ ካልተቀመጠ የማሽኑ ጥርሶች በፊልሙ ጠርዝ ያሉትን ቀዳዳዎች ይበሏቸዋል። የተበጠሰ ፊልም በምላጭ ይስተካከላል፣ ጫፉ ተፍቆ በማጣበቂያ ይያያዛል፣ እስኪደርቅም በጣት ተጭኖ ይያዛል። አንድ ሰው አጠገቤ ቆሞ ቢያወራኝ እስኪደርቅ ድረስ አልመልስለትም ነበር። በዚህ ምክንያት ኩሩ ነው ተብያለሁ።

ከአዲስ አበባ የሚላኩልን ፊልሞች አዲስ አልነበሩም። ትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች አጫውተው የጠገቧቸው፣ የተቧጨሩና የተጠጋገኑ ነበሩ። አውቶቡስ እስከ ደጀን ያመጣቸዋል፤ ከደጀን እኔ እቀበላለሁ። የቢቸና ሰው አሮጌ ነው ብሎ አላማረረም። እንዲያውም ከገና እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ፣ ገጠር ያለው ዘመድ ሁሉ ወደ ከተማ ሲገባ፣ የሚፈለገው ቀድሞ የታየው ፊልም ነበር። «አምና ያሳየኸንን የህንዱን ፊልም አምጣው፤ ወንድሜ አላየውም» ይሉኛል። ወንድምየው አጠገባቸው ሆኖ ታሪኩን ሁሉ ከእኔ አስበልጦ ያውቃል።

የፊልሙን ቋንቋ የሚያውቅ ስላልነበረ ተርጓሚ ነበረን። ስሙ ልየው ነው። ሞጣ ቅኔ ሲማር ቆይቶ አቋርጦ የወጣ ልጅ ነው። እሱም ቋንቋውን አያውቅም። የፊልሙን ድምፅ ዝቅ አደርግለታለሁ፤ ለመጋረጃ ከሰቀልነው አቡጀዴ ጎን ማይክራፎን ይዞ ቆሞ ያየውን ይተርካል፣ ያላየውንም ይጨምራል። ካውቦዩ ከፈረሱ ሲወድቅ፣ «ይህ ሰው የደብረ ኤልያስን ፈረስ ቢገዛ ይህ ሁሉ አይደርስበትም ነበር» ይላል። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል።

አንድ ዓመት ለገና የጌታን ልደት የሚያሳይ ፊልም ተላከልን። ቆዳው ደርቆ የተሰባበረ፣ በጣም ያረጀ ፊልም ነበር። ከማጫወቴ በፊት ሁሉንም በጣቴ መሃል አሳልፌ ቀዳዳዎቹን መረመርሁ። ሁለተኛው ጥቅል ላይ እመቤታችን ሕፃኑን ታቅፋ በበረቱ ውስጥ ተቀምጣለች። ቀና ብላ በቀጥታ ወደ ተመልካቹ ታያለች። ከዚያ ትነሣለች፤ አህያ ይቀርብላትና ወደ ግብፅ ጉዞ ይጀመራል።

የገና ዕለት ቢቸና ላይ ያች ቦታ ስትደርስ ቤቱ ሁሉ ብድግ አለ። እልልታው የማሽኑን ድምፅ ዋጠው። ጫማቸውን ያወለቁም ነበሩ። ከኋላ ወንበር አንዲት አሮጊት፣ እማማ ጥሩዬ፣ ወደ እኔ ዞረው ጮኹ።

«አንተ ልጅ! ያዝልኝ እንጂ! ልሳለማት!»

እሳቸው ዞረው እስኪመለሱ አህያዋ መንገድ ጀምራ ነበር። ፊልሙ አልቆ ሰው ሲወጣ እማማ ጥሩዬ ማሽኑ ጋ መጡ።

«ምን አስቸኮለህ?»

«እማማ፣ እኔ አይደለሁም። ማሽኑ ነው።»

«ማሽኑን የሚነዳው ማን ነው?»

ልየው ጎኔ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ ሲስቅ ግን አልሰማሁትም። ሥዕሏን የማቆሙን ነገር ያሰበው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

ለጥምቀት ያንኑ ፊልም ሞጣ ልናሳይ ተስማምተን ነበር። ሞጣ የራሳችን ቤት ስለሌለን ሐጂ ኑሩ የተባሉ የጨርቅ ነጋዴ መጋዘናቸውን ሊለቁልን ፈቀዱ። ለመጋረጃ የሚሆነውን አቡጀዴም የሰጡን እሳቸው ናቸው። የቀረው የደብሩ አለቃ ፈቃድ ነበር። በበዓል ሰሞን አለቃ ኅሩይ ያልፈቀዱትን ነገር ሞጣ ላይ የሚያይ ሰው አይገኝም። አለቃ የልየው የቅኔ መምህር ነበሩ። ትምህርቱን ጥሎ ከወጣ ጀምሮ ሰላምታውን አይመልሱለትም። ያም ሆኖ ፈቃዱን ለመጠየቅ ቀድሞ የሄደው ልየው ነው።

እኔ ማሽኑን፣ ጄኔሬተሩንና የፊልም ቆርቆሮዎቹን ይዤ በጭነት መኪና ሞጣ የደረስሁት በከተራ ዋዜማ ነው። ልየው መጋዘኑ በር ላይ ጠበቀኝ። ፊቱ በርቷል።

«ፈቀዱ! የኔታ ፈቀዱ!»

«እንዴት ፈቀዱ?»

«ቆርቆሮውን አውርድና እነግርሃለሁ።»

«ሳላወርድ ንገረኝ።»

ጄኔሬተሩን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ። «አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁት። ‹ሥዕል ቆሞ ነው የሚሳለሙት፤ እየሮጠ የሚያልፍ ሥዕል ለምእመን ምን ይረባዋል?› አሉኝ። እመቤታችን ስትመጣ ታቆማታለህ፣ ሕዝቡ ይሳለማል። ይኸው ነው።»

«አንተስ ምን አልሃቸው?»

«ትቆማለች አልኋቸው።»

ቆርቆሮዎቹን አላወረድሁም። «ልየው፣ አትቆምም።»

«ለአፍታ ነው እኮ!»

«አፍታ ማለት ምን ያህል ነው? ያ ሁሉ ሰው እስኪሳለም ነው?»

ዓይኑን ወደ ቆርቆሮዎቹ መለሰ።

«ሂድና ንገራቸው።»

«እኔ?» ድምፁ ተቀየረ። «ስንት ዓመት ሙሉ እንደ ግንድ ሲያልፉኝ የነበሩ ሰው ትናንት ‹ልየው› ብለው በስሜ ጠሩኝ። ሂድና ዋሽቻለሁ በላቸው ነው የምትለኝ? ደግሞ ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ተነግሯል። ከየገጠሩ ሰው እየመጣ ነው። አንተ በዚያ ምላጭህ የማትጠግነው ነገር አለ እንዴ፣ ወንድምዓለም?»

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሐጂ ኑሩ ዘንድ ደርሷል። ወደ ሱቃቸው አስጠሩኝ። ጨርቅ የሚለኩበትን ብረት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው እንድቀመጥ በእጃቸው አሳዩኝ።

«ልጄ፣ ሥዕሏ ትቆማለች የሚሉት እውነት ነው?»

«ቃል ተገብቷል፣ ሐጂ።»

«የጠየቅሁህ ስለ ቃሉ አይደለም።»

መጋዘኑ ውስጥ ማሽኑን ተከልሁና አቶ ውበቱ ለእኔ እንዳሳዩኝ አሳየኋቸው። ቁራጭ ፊልም አስገባሁ፣ አበራሁ፣ አቆምሁ። ቡናማው ነጥብ ወጣ፤ ሰፋ። ሐጂ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እስከ መጨረሻው አዩት። ሽታው ሲደርሳቸው ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ።

«አባቴም አያቴም የተቀበሩት እዚህ ከተማ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «በዓል ሲመጣ ጎረቤቶቼ ድፎ ይልኩልኛል፤ በእኛ በዓል እኔም እልካለሁ። ከማንም ጋር ክፉ ተነጋግሬ አላውቅም። ነገር ግን የማርያም ሥዕል በእስላም መጋዘን ውስጥ ተቃጠለች የተባለ ዕለት፣ ማሽኑ ነው ብሎ የሚያስረዳልኝ ማን ነው? አንተ ነህ? አንተ እንደሆንህ ተናገር ሲሉህም አትናገርም።»

«መጋዘኑን ቢዘጉትስ?»

«ከዘጋሁትም ሐጂ ከለከለ ይባላል» አሉ። «ተነግሮ አልቋል። አሁን የሚሆነውን ፈልግ።»

መጀመሪያ ያሰብሁት ያችን ቦታ ቆርጬ ሁለቱን ጫፎች ማያያዝና እንደ ቀለበት ደጋግማ እንድትዞር ማድረግ ነበር። ነገር ግን ፊልሙ የሰው ንብረት ነው፤ ደኅናውን ፊልም መቁረጥ በእኛ ሥራ የማይሞከር ነው። ቆዳውም ከመድረቁ የተነሣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ዞሮ ይበጣጠሳል። ተውሁት።

ቀጥሎ ያሰብሁት መብራቱን ነው። የሚያቃጥለው የዋናው አምፖል ትኩሳት ነው፤ መብራቱ ደካማ ቢሆን ሥዕሉ ሊቆይ ይችላል። የሐጂን የጭነት መኪና ባትሪና አንድ የፊት መብራት አምፖል ለመንኋቸው። አምፖሉን በቆርቆሮ ቁራጭ ላይ አሠርሁና በዋናው አምፖልና በበሩ መሃል ገፍቼ የማስገባው አድርጌ አዘጋጀሁት። ቁራጭ ፊልም በሩ ላይ አቁሜ የመኪናውን አምፖል አበራሁ። አቡጀዴው ላይ ደብዛዛ፣ ቢጫማ ሥዕል ወጣ። ጠበቅሁ። ምንም ነጥብ አልታየም። በጣቴ ዳሰስሁት፤ ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም።

ልየው ከፊት ሆኖ ሲያይ ነበር። «የጧፍ ብርሃን ይመስላል!» ብሎ ጮኸ። «ቤተ መቅደስ ውስጥ ሥዕል የሚታየው በዚህ ብርሃን አይደል? እንዲያውም ይሄ ይሻላል!»

ሐጂ ግን አልጮኹም። ለዓመታት በጨርቅ እስር ተዘግቶ የኖረውን የመጋዘኑን የኋላ በር አስጠረጉ። በሁለቱም በሮች አጠገብ በርሜል ውሃ አስቀመጡ። ለምን እንደሆነ ለጠየቃቸው ሰው ሁሉ፣ «ለአቧራው ነው» ይሉ ነበር።

ለአለቃ ነገሩን በራሴ አፍ ልነግራቸው ሞክሬያለሁ። በከተራ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ ተከተልሁ፤ አለቃ በካህናትና በጥላ ተከበው ነበር፣ መቅረብ አልተቻለም። በጥምቀት ማለዳም ሄድሁ። ጸበል ሲረጭ ከሕዝቡ ጋር ተገፍቼ ሩቅ ወጣሁ፤ ነጠላዬ ርሶ ተመለስሁ። አለቃ በዲያቆን የላኩብን መልእክት አንድ ብቻ ነበር፦ የሚካኤል ታቦት በቃና ዘገሊላ ተመልሶ መንበሩ ሳይገባ የሞተር ድምፅ እንዳይሰማ።

አልተሰማም። በቃና ዘገሊላ ዕለት ጀንበር ስታዘቀዝቅ ታቦቱ ገባ፤ የመጨረሻው እልልታ ሲበርድ የጄኔሬተሩን ገመድ ሳብሁ። መጋዘኑ ሞልቶ ሰው በጨርቅ እስሮች ላይ ሳይቀር ተቀምጧል። ገጠሬዎቹ ጋቢያቸውን እንደለበሱ፣ እናቶች ልጅ እንዳዘሉ ነበሩ። አለቃ ኅሩይ ከፊት ወንበር ላይ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው መሃል አድርገው ተቀመጡ። እኔ ማሽኑን ከኋላ፣ ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ ተክያለሁ። ሐጂ ኑሩ አጠገቤ ቆሙ። ወንበር ቢሰጣቸውም አልተቀመጡም።

የመጀመሪያው ጥቅል ሳይበጠስ አለቀ። ልየው ስለ ሄሮድስ ሲናገር እንደ ዘመድ ጠላት አድርጎ ነበርና፣ ሰው በሄሮድስ ላይ ጥርሱን ነክሶ ቆየ። ጥቅሉን ስቀይር ሐጂ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ደረሰች?» አሉኝ።

«በዚህኛው ጥቅል ውስጥ ናት።»

ቦታዋ እንዳታመልጠኝ ጥቅሉ ውስጥ ትንሽ ወረቀት ሸጉጬ ነበር። ወረቀቷ ስትወድቅ እጄን ማጥፊያው ላይ አደረግሁ። በረቱ ታየ። እመቤታችን ታየች። ቀና አለች። ዋናውን አምፖል አጠፋሁ፣ ሞተሩን አቆምሁ።

መጋዘኑ ጨለመ። ሴቶች «ኡ!» አሉ። የመኪናው አምፖል ያለበትን ቆርቆሮ ገፋሁ፣ የባትሪውን ሽቦ አገናኘሁ። አቡጀዴው ላይ ቀስ ብሎ ፊቷ ወጣ፤ ቢጫ፣ ደብዛዛ፣ የማይንቀሳቀስ።

እንደ ቢቸና እልልታ አልነበረም። ልየው ማይክራፎኑን ወደ አፉ አቅርቦ፣ «እነሆ…» ብሎ ጀመረና ማይክራፎኑን ዝቅ አደረገው። ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ሲያማትብ የልብሱ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

ከዚያ ያላሰብነው ሆነ። መሳለም ለእነዚህ ሰዎች ከሩቅ አይቶ ራስን ዝቅ ማድረግ ብቻ አይደለም፤ ቀርቦ መሳም ነው። ከፊት የነበሩት ተነሥተው ወደ አቡጀዴው ሄዱ። ከኋላቸው ያሉት ተከተሉ። ብርሃኑ ከእኔ ዘንድ በሰዎቹ ላይ የሚያልፍ ስለሆነ፣ በተጠጉ ቁጥር ሥዕሏ ከአቡጀዴው ላይ እየለቀቀች በጋቢያቸው ጀርባ ላይ ትወድቅ ጀመር። ፊቷ በአንድ ገበሬ ትከሻ ላይ፣ እጇ በሌላው ራስ ላይ ሆነ።

«የት ሄደች? አቡጀዴው ባዶ ነው!» ይላሉ የቀረቡት።

«ጀርባችሁ ላይ ናት! ቁጭ በሉ፣ ጋረዳችኋት!» ይላሉ ከኋላ ያሉት።

«አትግፉኝ፣ ልጅ አዝያለሁ!»

አቡጀዴው የታሰረበት ገመድ ሲወጠር አየሁ። ያን ጊዜ ደግሞ ጣቴ የማሽኑን ብረት ነክቶ ኖሮ ተለበለበ። ቀደም ብዬ ስሞክረው ማሽኑ ቀዝቃዛ ነበር። አሁን ግን አንድ ሙሉ ጥቅል አጫውቶ ግሏል፤ ማሽኑን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ ደግሞ የሚዞረው በሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ሲቆም አብሮ ቆሟል። ዋናው አምፖል ቢጠፋም ትኩሳቱ እዚያው በሩ አጠገብ ታፍኗል።

በጋቢዎቹ መሃል የቀረው ሥዕል ደበዘዘ። ሌንሱን አስተካከልሁት፤ መልሶ ደበዘዘ። ፊልም ከመቃጠሉ በፊት በትኩሳት ይቆለመማል፤ ሲቆለመም ሥዕሉ ይደበዝዛል። ቀጥሎ የሚመጣው ነጥቡ ነው። ሽታው ገና ቀጭን ነበር፤ ከእኔና ከሐጂ በቀር ማንም አላወቀውም። ሐጂ እጄን አልያዙም። ወደ ኋላ በር ብቻ አዩ።

ባጠፋው መጋዘኑ ይጨልማል፤ ሰው ቆሞ እየተገፋፋ ነው፣ ልጆች አሉ። ባላጠፋው ያች ነጥብ ፊቷ ላይ ትወጣለች።

አለቃ ኅሩይ ተነሡ። መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ መቱት።

«ሁላችሁም! በያላችሁበት!»

ሰው ባለበት ደረቀ። አለቃ ወደ አቡጀዴው አልዞሩም፤ ወደ እኔ ዞሩ። ብርሃኑ ዓይናቸው ላይ ስለነበረ በእጃቸው ከልለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ትቆያለች?»

ልየው ማይክራፎኑን እንደያዘ ከአቡጀዴው ጎን ያየኝ ነበር። አንገቱን አዎ በል እንደማለት ሲነቀንቅ አየሁት። ከዚያ በፊት በሕዝብ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናግሬ አላውቅም።

«አትቆይም፣ አባታችን» አልሁ። «ከቆየች እሳት ይነካታል።»

አለቃ ልየውን አዩት፤ እኔን አዩኝ፤ አጠገቤ የቆሙትን ሐጂንም አዩ። ሐጂ ዓይናቸውን አልሰበሩም።

«እንግዲያ ልቀቃት» አሉ አለቃ። «ወደ ግብፅ ትሂድ።»

ከዚያ ከመሃል አንድ ገበሬ፣ «እውነት ነው! ሄሮድስ እየመጣ ነው እኮ!» ብሎ ጮኸ።

«መንገድ ስጧት!» አለች ልጅ ያዘለችው ሴት።

«ዝቅ በሉ! ዝቅ በሉ፣ ትለፍ!»

አቡጀዴው ጋ የተጨናነቁት ሁሉ በየቦታቸው ጉልበታቸውን አጥፈው ዝቅ አሉ። የመኪናውን አምፖል አጠፋሁ፣ ቆርቆሮውን መለስሁ፣ ሞተሩን አስነሥቼ ማራገቢያው ሲዞር ሰማሁና ዋናውን አምፖል አበራሁ። የተቆለመመችው ቦታ በሩ ላይ ያዝ አደረጋት፤ በጣቴ ልሉን ፊልም ነካ አደረግሁት፤ አለፈች። እመቤታችን ሕፃኑን ታቅፋ ተነሣች። አህያዋ ቀረበች።

ያን ጊዜ እልልታው መጣ። ቢቸና ላይ እልል የተባለው ስትመጣ ነበር፤ ሞጣ ላይ እልል የተባለው ስትሄድ ነው። አህያዋ ወደ አቡጀዴው ጠርዝ እስክትደርስ ድረስ፣ «ፍጠኚ! ፍጠኚ!» ይሏት ነበር። ሐጂ ኑሩ ያን ጊዜ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ።

ሰው ሲወጣ አለቃ ልየውን ጠሩት።

«ልየው።»

«አቤት፣ የኔታ።»

«ትቆማለች ያልኸኝ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ነገ ጠዋት ና።»

ለሐጂ ደግሞ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ቤትዎ ይባረክ፣ ሐጂ፤ በርሜሉን አይቼዋለሁ» አሉ። ሐጂም፣ «ለአቧራው ነበር፣ አለቃ» አሉ። ሁለቱም ሳቁ።

ልየው በማግሥቱ ሄደ። ምን እንደተባለ አልነገረኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ማሽኑ ለሰው ከመናገሩ በፊት፣ «ይህ ይሆናል?» ብሎ ይጠይቀኝ ጀመር። አይሆንም ስለው ይቆጣል፤ ሄዶ ግን ይሆናል አይልም።

የተቆለመመችውን ቦታ እንዳለች ትቼ ፊልሙን መመለስ አይቻልም ነበር፤ በሚቀጥለው ማሽን በር ላይ ትይዛለች። በምላጭ አወጣኋትና ጫፎቹን አያያዝሁ። ቁራጯ የጥፍሬን ያህል ናት። የቀሚሷ ጠርዝ ትንሽ ቡናማ ሆኗል፤ ፊቷ ግን ደኅና ነው። እንዲህ ያለ ቁራጭ በሌላ ጊዜ ወለል ላይ ጥለን እንጠርገዋለን። ይህችን ሐጂ፣ «በእኔ ቤት አትጣል» አሉኝ፤ እኔም መጣል አልሆነልኝም። በሁለት ትንንሽ መስተዋት መሃል አድርጌ ዙሪያዋን በማጣበቂያ ያዝኋት።

ቢቸና ስመለስ ለእማማ ጥሩዬ ወስጄ ሰጠኋቸው። «ያዝልኝ ብለውኝ ነበር፣ ይኸው» አልኋቸው። ወደ ደጅ ብርሃን አዙረው አዩዋትና ተሳለሟት። ከዚያ ደግመው አዩዋት።

«ምነው እንዲህ አነሰች?» አሉኝ።

«መጀመሪያም ይህችው ናት፣ እማማ። የሚያተልቃት መብራቱ ነው።»

ይህን ሥራ ለምትጀምሩት የምነግራችሁ አቶ ውበቱ የነገሩኝን ነው፤ ፊልም ካልሄደ ይቃጠላል። እኔ የምጨምረው፣ ማሽኑ የማይችለውን ነገር ሰው ቃል ገብቶበት ብታገኙ፣ የምትጠየቁበት ጊዜ ይመጣልና ያን ጊዜ የሚሆነውን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ማራገቢያውንም ከሞተሩ ለይታችሁ ግጠሙት፤ እኔ ከሞጣ ስመለስ መጀመሪያ የሠራሁት እሱን ነው።